ቢላዬ ጎመን ሲማር

ሠላሳ አንድ ዓመት ሥጋ የቆረጠ፣
ጎድን ከሽንጥ ለይቶ ታናሽ የመረጠ፣
ይህ የኔ ቢላዋ፣ በሞረድ የኖረ፣
ዛሬ ከጎመን ፊት ቆሞ ተቸገረ።

ሐኪሟ ልጅ እግር፣ ክንዴን ጠፍራ አሰረች፣
ቁጥሩን አነበበች፣ ደግማ አነበበች፤
«አባባ፣ ጮማውን ከዛሬ ይተዉት።»
«ልጄ፣ ሥራዬ ነው።» «ይሽጡት፣ አይብሉት።»

«ጎመን በጤና» ሲል ጎንደር እየተረተ፣
ሚዛን ተደግፌ ሳቄ በረከተ፤
ያ ተረት መጣልኝ በወረቀት ሆኖ፣
የሐኪም ቤት ማኅተም ግርጌው ላይ ተጭኖ።

በጾምማ እበላለሁ፣ ቀን እየቆጠርሁ፣
የፋሲካን ሌሊት ከሩቅ እያሸተትሁ።
በፍስክ ግን? በቅዳሜ፣ በሬ በወደቀ ቀን?

ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ በማለዳ፣
አንገቴን ደፍቼ፣ እንዳለብኝ ዕዳ።
ትርንጎ አየችኝ ከቆስጣዋ መሐል፤
«ጋሽ ደሳለው፣ ምነው? ሥጋ ቤቱ ፈርሷል?»
«ለበሬ ነው» አልኋት። አላመነችኝም፤
በሬ የሚያርድ ሰው ለበሬ አያጭድም።

ቅጠሉን ለፀሐይ ገልጣ እያሳየች፣
ጤዛው ያልለቀቀውን ለይታ ጠቀለለች፣
ራሷ ትርንጎ ሆና፣ ሎሚ መረቀች።
«እሳቱን አይፍሩት፣ ብዙ አያስቀምጡት፤
ቅጠል እንግዳ ነው፣ ሞቅ ሲለው ያስነሡት።»

በግንቡ አጥር ሥር ሰላምታው ሲበዛ፣
ዘንቢሌን በጋቢ ብሸፍን እንደ ዋዛ፣
ቅጠሉ ብቅ ይላል፣ እሱም እጅ ሊነሣ።

ስንዱ የለች ከቤት፣ ወርዳለች መተማ፣
ልጃችን ወልዳለች፤ ማጀቱ ጨለማ።
ድስቱ የት ይሆናል? ጨው የቱ ቆርቆሮ?
አርባ ዓመት ስኖርበት፣ ለካ አላውቀው ኖሮ።

ሦስት ውኃ አጠብሁት፤ ፊተኛው ነው ጭቃ፣
ሁለተኛው ድፍርስ፣ ሦስተኛው ጨረቃ።
ዘንጉን አወጣሁት፣ እንደ ጅማት ስቤ፤
ጣውላው ላይ ደም የለም። ደነገጠ ልቤ።
አረንጓዴ ብቻ።
የእጄ ሽታ እንኳ ዝናብ የነካው አጥር።

ሰሊጥ ከመጥበሻው ሲዘል ሲንጣጣ፣
በሁለት ጠብታ ዘይት ነጭ ሽንኩርት መጣ፤
ጎረቤት የላከው የደምቢያ ሽምብራ
ተንከባለለበት ከቃሪያው ጋራ።
ቅጠሉ መጨረሻ። ጮኸ፣ ተነፈሰ፣
ድስት የሞላው ክምር እፍኝ ሆኖ አነሰ፣
እጄ ወደ ቅቤው ሄዶ ተመለሰ፣
ሄዶ ተመለሰ።
ሎሚ ጠብ አልሁበት፤ ጨው በስስት፣ በጥፍር።

አለኸኝ ደረሰ፣ የሱቁን ቁልፍ ይዞ፣
ደም በነካው ሽርጡ፣ በሩ ላይ ፈዞ።
ድስቱን አየ። እኔን አየ።
ሊስቅ አፉን ሲከፍት፣ አጎረስሁት።
አላመጠ፣ ዋጠ፣
ቁልፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፣
አንድም ቃል ሳይወጣው ግማሹን ጨረሰ።

ሲሄድ ቢላዋዬን አጠብሁ። ውኃው አልቀላም።
በሠላሳ አንድ ዓመት ይህን አይቼ አላውቅም።

ማታ ስንዱ ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል፤
ከኋላዋ ጨቅላው ያለቅሳል።
«ራት ምን በላህ?»
«ጎመን።»
ዝም አለች፤ መስመሩ የጠፋ መሰለኝ።
«ምነው፣ በጤና?» አለችኝ።
«በጤና» አልኋት።