ክፍል ሰባት

ማራገቢያው ይጮኻል፤ አጠፋሁት።
የገንደ ቆሬ ውሻ ይሰማል፤ መስኮቱን ዘጋሁት።
ግንቦት ነው፣ ድሬ ነው፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፤
ስልኬ ሦስት ጡብ ላይ ቆሞ ያየኛል፣ እንደ ዳኛ ፊት።
ከደረቴ በታች አያሳይም፣ ደግነቱ፤
እግሮቼ ሳፋ ውስጥ ናቸው፣ ውኃ ውስጥ፣ እስከ ባቱ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ይህ ክፍል ሰባት ነው» አልኩ ለማላውቀው ሰው፣
ላልተጠየቅሁት መልስ ስሰጥ፣ ያልገባውን ፊት ሳላየው።
ክፍል ውስጥ ብሆን ዞር ብዬ አያለሁ፤
ማን እርሳስ እንደሚያኝክ፣ ማን እንደጠፋበት በቅንድቡ አውቃለሁ።
እዚህ ያለችው አንዲት ቀይ ነጥብ ናት፤
ራሷን አትነቀንቅም፣ አታዛጋም፣ ይግባት አይግባት።

ምሳሌ ፈለግሁ። የመጽሐፉ ምሳሌ በረዶ ነበር፤
«በረዶ ከጣለ፦ ካፖርት ልበስ» ይላል፣ በድሬ ምድር!
ሰረዝኩት። እንዲህ ጻፍኩ፦

«ደጋው ላይ ከዘነበ፦
        ደቻቱ ይመጣል።

ሁለተኛው መስመር አራት ቦታ ገባ ብሎ ይጻፋል፤
ባዶ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ፓይተን ባዶውንም ያነባል።
ካልሆነ ግን—»

መብራት ሄደ።

ስልኩ ጨለማውን ቀዳ፤ የውኃውን መንቦጫረቅ፣
የእኔን «ውይ!»፣ ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቴን እርግማን።
ደግሜ እቀዳዋለሁ ብዬ ነበር።
ፈተና መጣ፣ ደመወዝ ዘገየ፣ አንዱ ነገር አንዱን ገፋው።
እንዳለ ለቀቅኩት፤ ጨለማውም አብሮ ሄደ።

በሐምሌ፣ ታይዋን፣ የስልክ ሽፋን ስመርጥ
ሻጯ ድንገት ቀና አለች። ኢፍራህ ናት ስሟ።
«አንቺ! ‹ካልሆነ ግን› ብለሽ ጠፋሽ እኮ!»
በቁጣ ይሁን በፍቅር፣ እንጃ።
ለካ ሁለት ወር ሙሉ ወደኋላ ስትመልሰኝ ከርማለች፤
ደንበኛ ሲመጣ አፌ እንደተከፈተ ታቆመኛለች፣
ሲሄድ እንደገና ታናግረኛለች፤
እኔ ቤቴ ተኝቼ።

«ታዲያ መጨረሻውን ከየት አገኘሽው?» አልኳት።
በአገጯ ወደ ወንዙ አመለከተች፤
አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ያባርሩበታል።
«እናቴ ሽንኩርት የምትሸጠው ከማዶ ነው።
ጠዋት ጠዋት ሰማዩን አናይም፤ የደጋውን ጉም ነው የምናየው።
ካልሆነ ግን፦
        እንሻገራለን።»

ስልኳን አዙራ አሳየችኝ፤
ከ«እንሻገራለን» በፊት አራት ባዶ ቦታ፣ ልክ።
የሽፋኑን ዋጋ ግን አንድ ብር አልቀነሰችልኝም።