በእግር የተገዛ

የአሳንሰር ሣጥን ከፋች ነኝ፤ ኖዳር ነው ስሜ፤
በወር በወሩ፣ በግልዳኒ ሰፈር፣ ከሣጥኑ ፊት ቆሜ
ሳንቲም እቆጥራለሁ፤
ማን እንደ ወጣ፣ ማን ቤት እንደ ዋለ፣ ከድምሩ አውቃለሁ።

ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ፣ ግራጫ ሕንጻ ነው፤
ለመውጣት ሃያ ተትሪ፣ መውረዱ በነጻ ነው።

ባለፈው በጋ ላይ ሒሳቡ ጎደለ፤
«ሣጥኑን ማን ነካው?» አልኩ፤ «ቁልፉስ ማን ጋ አለ?»
ቁልፉ እኔው ጋ ነው።
ሌባዬን ያገኘሁት ሰባተኛው ላይ፣ ደረጃ መኻል ነው፤
ባድሪ፣ የአሥራ አንደኛው ፎቅ ልጅ፣ እጁ ከጉልበቱ፣
ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ፣ እንደ ወናፍ ደረቱ።

«ምነው? አሳንሰሩ እንቢ አለ?» ብለው
«ኧረ ደኅና ነው፤ ኮምፒውተር እየገዛሁ ነው።
የጌም።»
«በምን?»
«በእግሬ። ፕሮሰሰሩን ጨርሻለሁ፤
አሁን ራሙ ላይ ደርሻለሁ።»

ለካስ ደረጃው ነው የልጁ ቁጠባ፤
አምስት ጊዜ ሲወጣ አንድ ላሪ ገባ።

ፕሮሰሰሩ ከኤልያቫ ገበያ፣ ከሸራ ላይ ተነሥቶ የመጣ፣
ሁለት እግሩ ተጣሞ፣ ሰው ሁሉ ሲያልፈው፣ በርካሽ የወጣ።
እህቱ ጺሳና፣ የጥርስ ሐኪም ልትሆን ሁለት ዓመት የቀራት፣
«አትንቀሳቀስ» አለችው ብረቱን፣ የክሊኒኩ አምፖል እያበራላት፤
እግሮቹን አቃናች፣ እንደ ሕፃን ጥርስ።
ማዘርቦርዱ ከተዘጋ የጉዞ ወኪል ቢሮ፤
ፓወር ሰፕላዩን ግን አዲስ ገዛ፣ «እሱ ላይ የቆጠበ ቤቱን ያነዳል» ተብሎ ተመክሮ።

ዋናው ካርዱ ነው። ከዙግዲዲ ነው፤ ከማልሃዝ በረት፣
ላሞቹ ተሸጠው፣ ክሪፕቶ ሲቆፍር ከኖረበት።
ማራገቢያው ውስጥ ገለባ ተገኘ።
በብሩሽ ጠረገው፣ በአልኮል አጠበው፤
ሲሞቅ አሁንም ላም ላም ነው የሚለው።

በረዶ በጣለ ማታ፣ ከክሊኒኩ ገጥሞት፣
ሣጥኑን ታቅፎ መጣ፣ በጃኬቱ ሸፍኖት።
ወደ ደረጃው ዞረ።
«ግባ» አልኩት፣ «ዛሬስ ይኼ በእግር አይወጣም።»
«ሳንቲም ጨረስኩ፤ የመጨረሻዋ ብሎን ገዛች፤ ዕዳ ደግሞ አላመጣም።»
ከገዛ ኪሴ ሃያ ጣልኩበት፤
ከዚያ ሣጥን ሳወጣ ነው የኖርኩት፣ ሳስገባ የዚያን ዕለት መጀመሪያዬ ናት።

ስድስተኛው ላይ መብራት ጠፋ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥን፣ ሣጥኑ በመካከላችን።
አይታየኝም፤ ድምፁ ብቻ መጣ፦
«አጎቴ ኖዳር፣ ይኼ ካርድ ሥዕል እንዲሥል ነው የተሠራ፤
ሦስት ዓመት በረት ውስጥ፣ ቁጥር ሲፈጭ፣ ስክሪን ሳይሰጡት፣ ቀንና ሌሊት ሲሠራ፣
አንድም ሥዕል አልሣለም።
አንድም።»

ቁልፌን ኪሴ ውስጥ ነካ ነካ አደረግሁ።
የሰውን መውጣት ስቆጥር ከረምኩ፤
ወጥተው ምን እንደሚሠሩ ግን ማንን ጠየቅሁ?

መብራት መጣ። ወጣን። ቁልፉን ተጫነ፤
ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ጨለማ እንደ ሆነ።
ባድሪ ግንባሩን ያዘ።
ጺሳና ከኋላ ጎንበስ ብላ አየች፤ ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ነው የተሰካ፤
ካርዱ ከጎን፣ ዛሬም ማንም ሳያየው፣ ብቻውን ይሞቃል ለካ።
ነቅላ ሰካችው።

ዛፍ ሣለ።
መጀመሪያ አንድ ዛፍ፤ ቀጥሎ ቅጠሉን በተራ፤
ከሥሩ ሣር፣ ከሣሩ ማዶ ጉም የለበሰ ተራራ።
ይንቀረፈፋል፤ ጥላው ይቆራረጣል፤ ባድሪ ጥራቱን ዝቅ አደረገ፣
ነፋሱ ሣሩን አስተኝቶ፣ እስከ ተራራው ድረስ ሮጠ።
ክፍሉ ላም ላም ሸተተ።
«ይኼን ሁሉ ሣር» አለች ጺሳና፣ «የሚግጠው ጠፋ።»

በወሩ ሣጥኑን ስከፍት፣ ሒሳቡ እንደ ጎደለ ነው።
ሰባተኛው ላይ አገኘሁት፤ እጁ ከጉልበቱ ነው።
«ደግሞ ምን ቀረህ?»
«ሁለተኛው ራም» አለኝ፣ ትንፋሹን ሳይሰበስብ፣
ጥግ ይዤ አሳለፍኩት።