ዐሥር ጣት

ሥራዬ ጣት ማንበብ፣ ፊደል የሌለው ጣት፤
የሐጅ ቪዛ ቢሮ፣ ማካሳር፣ ከሰዓት።
የአየር ማቀዝቀዣው ባልዲ ላይ ያነባል፤
ሰው ፓስፖርት ታቅፎ ተራውን ያስባል።

«መቶ ሠላሳ አንድ» ስል፣ ተነሣች አንዲት ሴት፤
ከጄኔፖንቶ ናት፣ ከጨው ኩሬው መሬት፤
ገና ሌሊት ወጥታ፣
በሁለት ሚኒባስ ተንገጫግጫ መጥታ።

«ስም?»
«ሳኒንግ።»
«ከዚያስ?»
«ሳኒንግ ብቻ ነዋ፤ ሰው ስንት ስም ይሸከማል?»
ሦስት ሳጥን የከፈተ ቅጽ ይህን መች ይሰማል!
አባቷን ጠራነው፣ አያቷን ጠራነው፣ ከተኙበት አፈር፤
ሳንግካላና ቶምፖ፣ ጨው ሲዝቁ ኖረው ያለፉ ከኩሬው ዳር፣
መካን በወሬ እንጂ በዐይን ያላዩዋት፣
ይኸው ተሳፈሩ፣ በልጃቸው ፓስፖርት።

ከዚያ ዝርዝሩን ወረድኩት፣ በቃሌ እንደማውቀው፦
ፎቶ፣ መደቡ ነጭ፣ መነጽር የሌለው፤
የማጅራት ገትር ክትባት፣ ማኅተም ያረፈበት፤
ፓስፖርት፣ ከጉዞው ወዲያ ስድስት ወር ዕድሜ ያለው
(ለእኛ ለራሳችን ስድስት ወር ማን ዋስ ይጠራልናል?)፤
የቀረው ክፍያ፣ በባንክ፣ እስከ ወሩ ማለቂያ።

ቀብዱን የሰጠችው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው።
ባሏም አብሯት ተመዝግቦ ነበር፤
ወረፋው ሳይደርስ
ሌላ ወረፋ ደረሰው።

«እጅዎን» አልኳት። ዘረጋች፤ ዐሥሩም አሉ።
ቀይ መብራት።
መስታወቱን ጠረግኩ፤ ጣቷን በሳሮንጓ ጠረገች። እንደገና።
ቀይ መብራት።
በትንፋሿ አሞቀቻቸው፣ እንደ ጫጩት።
ቀይ።
ጎንበስ ብዬ አየሁ፦ መስመር የለ፣ ቀለበት የለ፣
ወንዝ ያለሰለሰው ጠጠር፤
አርባ ዓመት ጨው እየላሰ፣ እየላሰ ጨርሶታል።
ለካ ቪዛውን የሚገዛላት ጨው
በጎን ጣቷን ሲሸጥ ኖሯል።

«ሃያ ቀን ያሳርፏቸው፤ የኮኮናት ዘይት ይቀቧቸው፤
ጨው እንዳይነኩ» አልኳት፣ የሐኪም ድምፅ ተውሼ።
ሳቀች። «ጨው ካልነካሁ የቀረውን ማን ይከፍልልኛል፣ ልጄ?»
ለዚህ ጥያቄ ቅጹ ላይ ሳጥን የለም።
ደግሞ ቆማ፣ ጃንጥላዋን እያነሣች፦
«ኢማማችን ‹ያን ቀን የጣት ጫፍ ሳይቀር ይመለሳል› ይሉናል፤
የእናንተ መሥሪያ ቤት ግን
ከዚያ ቀን ቀድሞ ቸኩሏል።»

ስትወጣ መስታወቱ ላይ ነጭ ጭጋግ ቀረ።
በር ዘጋሁ። በጣቴ ነካሁት። ቀመስኩ።
ጨው ነው።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን መጣች፣ እጆቿን
በልጅ ልጇ የትምህርት ቤት ካልሲ ሸፍና።
«ኩሬዬን ጎረቤቶቼ በየተራ እየዛቁልኝ ነው፤
የጨው ዕዳ ነው፣ በጨው እመልሰዋለሁ» አለች።
ካልሲውን አወለቀች።
አውራ ጣት፣ ቀይ። ጠቋሚ፣ ቀይ። የመሃሉ፣ ቀይ።
ወደ ግራ እጇ ስንዞር፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ
ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር።
ትንሿ ጣት፣ የግራዋ፣
መዛቂያውን ጠበቅ አድርጋ ይዛ የማታውቅ፣
ሁልጊዜ ከዳር የምትቆም፣
አረንጓዴ።

ለቀሩት ዘጠኙ ኮምፒውተሩ ምክንያት ይጠይቃል፤
ምርጫው ሁለት ነው፦ «የተቆረጠ» ወይም «በፋሻ የታሰረ»።
ከታች፣ «ማስታወሻ» በሚለው ጠባብ መስመር ላይ ጻፍኩ፦
«ዘጠኙ ሥራ ላይ ናቸው።»
ላክሁት።
መልሱ እስካሁን አልመጣም፤
እኔ ግን ጠዋት ጠዋት መስታወቱን ስወለውል
ቀስ ብዬ ነው።