ትርፍ

ጦሳ ጉሙን ለቆ፣ መንገዱ ሳይታይ፣
ደረስኩ በማለዳ ከቧንቧ ውሃ በላይ፣
ከመድኃኒት ቤቱ። ባጄ ደረቴ ላይ፣
ቅጽ በብብቴ፣ እስክሪብቶም ሁለት፤
አንዱ ድንገት ቢነጥፍ ሌላው እንዲተካ፤
ቀለም ያለቀበት ምኑን ሊለካ?

"ይግቡ" አለች ሰዒዳ። አልሳቀችልኝም።
ለምጄዋለሁ።

ፈቃዱ ግድግዳ ላይ መስታወት ለብሶ፣
የዘንድሮው ማኅተም ጫፉ ላይ ፈስሶ፤
ማቀዝቀዣው፦ አምስት ዲግሪ። መዝገቡ፦ አለ።
እሳት ማጥፊያው፦ ደህና፣ አቧራ ያዘለ።

ከዚያ ወደ ጓዳ፣ ወደ ብረት ካዝና፤
ሁለት ቁልፍ ያለው፣ በሕጉ መሠረት፣
አንዱን እሷ ይዛ፣ አንዱን ባለንብረት።
ሐጂ ይመር መጡ፣ ቁልፋቸውን ሰጡ፣
ጀርባቸውን ለእኛ አዙረው ተቀመጡ።

ሞርፊን። ጣት የማትሞላ፣ ውሃ የመሰለች፤
ገበያ ብትወጣ ቤት የምታፈርስ፣
ሕመምተኛ ጋ ግን
ሌሊቱን ከንጋት የምታደርስ።

መዝገቡ አሥራ አንድ ይላል። ቆጠርኩ።
አሥራ ሁለት።
መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ ቆጠርኩ።
አሥራ ሁለት።

ሲጎድል አውቃለሁ። ጉድለት ቅጽ አለው፣
አንቀጽ አለው፣ ክስ አለው፣
የሚምል ወንድም፣ የሚለምን ሽማግሌ አለው።
ሃያ ዓመት የበላሁት የጉድለት እንጀራ ነው።
ትርፍን ማን አስተማረኝ?

"ሰዒዳ፣ ይቺ ከየት መጣች?"

"ሐሙስ ማታ" አለች፣ "ልዘጋ ስል ደርሶ፣
የአናጢው የጌጡ ልጅ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣
በመሐረብ ቋጥሮ ከጉያው አወጣት፦
'ሦስት ሰጣችሁን፤ ሁለቷን ወሰደ፣
ሦስተኛዋን ሳይደርስ አባቴ ሄደ።
የሰው ሐቅ ቤታችን አታድርም' አለኝ።
መዝገቡ ላይ ያለው ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፤
ለመላሽ ዓምድ የለው።
መድፋት ፈራሁ። መሸጥ ፈራሁ። ቆለፍኩባት።"

ሐጂ ይመር አልዞሩም። ጆሯቸው ግን ዞሯል።

ሕጉ ልክ ነው። ዛሬ ሳይጻፍ የተረፈ
ነገ ሳይጻፍ ይጎድላል፤
ለሠልጣኝ ሁሉ ይህን የምለው እኔው ነኝ።

እስክሪብቶዬ ነጠፈ። ሁለተኛውን አወጣሁ።
"ግኝት፦ ትርፍ፣ አንድ። ምክንያት፦" ብዬ ቆየሁ።
ከዚያ፦ "ሟች አልደረሰባትም።"
በቀይ ከረጢት አሸግናት፣ ሦስታችን ፈረምን።
ለሰዒዳ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ፤ የመጀመሪያ።
በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አላመሰገነች፣ አልረገመች።
የልጁን ስም ቦታ ባጣለት
በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አኖርኩት፤
የሚመጣው ተቆጣጣሪ ከፈለገ ያጥፋው።

ቁልቁል ስወርድ ጉሙ ተገፏል። ከሰዓት
ኮምቦልቻ ሌላ ካዝና ይጠብቀኛል።
ረዳቱ በመስኮት፦ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!"
ገባሁ። ሦስቱ ከተቀመጡበት
አራተኛ ሆኜ። "ጠጋ በሉላቸው።" ተጠጉ።

ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ትራፊክ ቆሟል።
ረዳቱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ በሹክሹክታ፦
"ጋሼ፣ ዝቅ ይበሉ። ትርፍ ነዎት።"

ቅጾቼን አቅፌ
ዝቅ አልኩ።