ሃያኛው ዘፈን

ማቶዚኞሽ፣ ፖርቱጋል፣ እ.ኤ.አ. 1966

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ አንድ ቀሚስ፣ አንድ እርሳስ፤
ዘፈን በጣቶቼ ሲሻር፣ ሲነግሥ።
አርብ አርብ ሲመሽ ስልኩን አነሣለሁ፣
ለአምስት ሱቅ ደውዬ "ስንት ሸጣችሁ?" እላለሁ፣
የሸክላ ቁጥር እደምራለሁ፤
ቅዳሜ ማታ በሁለት ሰዓት ሬዲዮ ጣቢያችን
ከሃያ እስከ አንድ ያሰማል ድምራችን።

ከተማው ሁሉ ሰርዲን በቆርቆሮ ያሽጋል፤
የእኔም ሥራ ያው ነው፣ ዜማ በቁጥር ይታሸጋል፤
የዓሣው ሽታ ግን ሁላችንንም ይዳስሳል።

ያን ዓመት አንደኛ፣ አሥራ አራት ሳምንት
ያልወረደው ዘፈን፣ ያ ፉጨት ያለበት፣
አናጺው ጣራ ላይ፣ ቄሱ ብስክሌት ላይ
ያፏጩት ነበረ ሰው ሲያይም፣ ሳያይ።
ዛሬ ግጥሙን ብባል አንድ ስንኝ የለኝም፤
ፉጨቱ ብቻ ቀረ፤ እሱም ልክ አይደለም።

ሁለተኛው የመንትዮቹ ዜማ፣
ስለ ቀይ መኪና፣
በሬ ጋሪ በሚጎትትባት ከተማ።
ሦስተኛው ስለ ጨረቃ፤ የጨረቃ ዘፈን መች ይጠፋል?
ጨረቃዋ ትቀራለች፣ ዘፋኙ ይለወጣል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ለሃያኛው ብዬ ነው።

ዘፈኑስ ቀሽም ነው፤ ሰውየው በአፍንጫው ነው የሚዘፍነው።
ግን ከሴኞር አቢሊዮ ሱቅ፣ ከወደቡ ጥግ፣ በሐምሌም በጥቅምትም
"ሦስት" ይሉኛል፤ ሁልጊዜ ሦስት፤ አይጨምር፣ አይቀንስም።
ከሌሎቹ ሱቆች ፍርፋሪ ጋር ሲደመር
ይዟት ይገኛል የሃያኛዋን ወንበር።
ጠርጥር፣
ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር።

ሄድኩ አንድ ሰኞ፣ ሱቁ ገና ሳይሞቅ።
ካፖርቱን ጨው ያነጣበት ሰው፣ ሦስት ሸክላ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
በግማሽ ዋጋ ይመልሳል፣ ጎንበስ ብሎ።
አርብ ደግሞ ይመጣል፤ እነዚያኑ ይገዛል፤
ያው ሦስት ሸክላ አርባ ጊዜ ተሽጧል!

"ቤልሚሮ ነው" አለኝ አቢሊዮ፣ ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሣ፤
"ቅዳሜ ማታ ባሕር ላይ ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር፣ ለዓሣ።
ማጫወቻ ቢኖረውም ጀልባ ላይ ሸክላ አይዞርም፣
ማዕበል መርፌውን ያዘልለዋል፤ ሬዲዮ ግን አይዘልም።
ሚስቱ ኢዳሊና የፋብሪካ ሴት፣ የሰርዲን ራስ ቆራጭ ነበረች፤
ለአንድ ቀን ደሞዝ፣ ከሦስት ሴቶች ጋር፣ ከዘፋኙ ኋላ ተቀበለች።
ሦስተኛው አዝማች ላይ፣ አንዴ ብቻ፣ 'አሃ' የምትለው እሷ ነች።
በየካቲት ሞተች።"

ላጲሴ በኪሴ ነበር፤ ሕጉም ግልጽ፤ ደቂቃ አይፈጅም።
አልፋቅሁም።

ግን ሌላ ጣጣ አለ፦ ከሃያኛው በፊት የባሕር አየር ትንበያ ይነበባል፤
ማዕበል ያለ ለት ንባቡ ይረዝማል፣ ዘፈኑ ይቆረጣል፣
ሦስተኛው አዝማች ሳይደርስ አሥራ ዘጠነኛው ይገባል።
በረጋ ባሕር ብቻ ነው ለካ የሚሰማት፤
ነፋስ ባለበት ሌሊት፣ እሷን በሚሻበት ሌሊት፣
ዝምታ።

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ የዓመቱ ሃያ ሲቆጠር፣
ነፋሱ የወደቡን ደወል ሲያንገላታው ሲያጣጥር፣
ቴክኒሺያኑን፣ ዣሲንቱን፣ እጁን ይዤ ለመንኩት፤
"መርፌውን ከመሀል ጣለው፤ ከሦስተኛው ጀምርበት።"
ያበድኩ መሰለው። ግን አደረገው።
ማስጠንቀቂያው ሲያበቃ፣ ከዚያ ባለ አፍንጫ ጀርባ፣
አንዲት ሴት "አሃ" አለች፣
የጠፋ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ እንዳገኘች።
ከዚያ ጨረቃ፣ መኪና፣ ፉጨት፤ ዓመቱ አለቀ።

በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ አርብ ስልኩን አነሣሁ፤
"ሴኞር አቢሊዮ፣ ያ ዘፈን ስንት?" አልኩ፤ ትንፋሼን ዋጥሁ።
"አንድ" አለኝ። "በሙሉ ዋጋ።
'ማጫወቻ የለህ' ብለው፣ 'የለኝም' አለኝ፤
'ሰኞ ግን አልመልሰውም' አለኝ።"

አንድ ሸክላ ለሃያኛ አይበቃም፤ ዘፈኑ ወደቀ።
እኔ ግን ከዝርዝሩ በታች፣ ከኅዳጉ ጻፍኩት፤
በዚያ እርሳስ ከደመርኩት ቁጥር ሁሉ
ሳልጠራጠር የጻፍኩት እሱን ብቻ ነው፦
አንድ።