የይመር መረብ

ሂሳቡን ልናገር፣ መዝገቡ እኔ ጋ ነው፤
ዘጠኝ ጊዜ ነበር ዘንድሮ የወጣነው።
ሁለቱን ረታን፤ ስድስቱን ተረታን፤
አንዱን የበልግ ዝናብ ሳያልቅ አስፈታን።
ካዝናችን (ካዝና ማለት የብስኩት ቆርቆሮ)
ሦስት መቶ ሰባ ብር ይዟል ተቆጥሮ፤
ሰባው የከማል ነው፣ ከባጃጁ ኪራይ፤
"አበደርኩ እንጂ መች ሰጠሁ?" ይላል ሲያይ።

ሙሄ ቁመት አለው፤ ቁመት ብቻ ያለው፤
ሲዘል ደመና ላይ፣ ሲወርድ እኛ ላይ ነው።
ደምሌ ልብስ ሰፊው ኳስ ሲያነሳላቸው
ክር በመርፌ ዓይን ነው የሚያሾልክላቸው።
ከማል ባጃጁን ከዳር ያቆምና፣
ተሳፋሪ ሲያይ ጥሎን ይሄድና፣
በአምስት እንቀራለን፣ ዳኛው ሳይቆጥረን ገና።
እኔ ተጠባባቂ፤ ዕድሜ አርባ ሰባት፤
ጉልበቴ ሲታጠፍ ይሰማል ጎረቤት።

የክለቡ መረብ መስከረም ላይ አለቀ፤
ፀሐይ በልቶት ኖሯል፣ ሲነካ ደቀቀ።
ለወረዳ ጻፍን፤ ደብዳቤው ቁጥር አለው፤
መልሱ "በሂደት" ነው፤ ሂደቱም እየሄደ ነው።
የደረሰልን ይመር፣ ዓሣ አጥማጁ ይመር፤
"መረብ መረብ አይደል? ውሰዱት ካስቸገር፤
ግን ፀሐይ ስትጠልቅ መጥቼ እፈታለሁ፤
ሌሊት ውኃው ላይ ነኝ፣ አብሬው አድራለሁ።"

ወጠርነው።
ቅርፊት ከቋጠሮው ሥር ብልጭ ብልጭ ይላል፤
ኳሷ ስትነካው ቆሮሶ ቆሮሶ ይሸታል።
የውጫሌ ልጆች አፍንጫቸውን ያዙ፤
በአንድ እጅ ተጫውተው ተረተው ተጓዙ።
ያን ቀን ማሸነፋችን፣ እውነት ለመናገር፣
በሽታችን ነበር።

ወደ ግንቦቱ ልለፍ፣ ወደ ኮምቦልቻው ቀን።
አራት ዙር ተጫውተን ሁለት ሁለት ሆንን፤
አምስተኛው ላይ፣ አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት፣
ሙሄ ኳሷን ይዞ፣ ሕዝቡ ትንፋሽ ውጦላት፣
ፀሐይዋ ተራራው ጀርባ ግማሿን ገብታለች፤
ሰዓዳ፣ የይመር ልጅ፣ ነጥብ ትቆጥራለች፤
ይመር መጣ። ቀስ ብሎ። መቅዘፊያውን ጨበጠ።
"አንዲት ኳስ፣ ጋሽ ይመር!" አልነው። ተቀመጠ።

አሥራ አራት እኩል። አሥራ አምስት እኩል።
አሥራ ሰባት እኩል፤ ጨለማው ሲያካልል።
ይመር ቃል አልወጣው፤ መቅዘፊያው ጭኑ ላይ፣
አንዴ ወደ ውኃው፣ አንዴ ወደ ሰማይ።
ሃያ እኩል ስንሆን ደምሌ ተራመደ፤
ማንንም አልጠየቀ፣ ወደ ምሰሶው ሄደ፤
ያ ክር አሾላኪ ጣት ቋጠሮውን ፈታ።
ዳኛው ፊሽካ ነፋ፦ "ሐይቅ በፎርፌ ተረታ።"

ኮምቦልቻዎች ሳቁ። አንዱ ግን ዝም አለ፤
ካፒቴናቸው ነው፤ ጫፉን ይዞ አብሮ ጠቀለለ።

በነጋታው በሬ ላይ፣ በሸምበቆ ተሰክቶ፣
ስድስት ቆሮሶ አገኘሁ፤ ማን እንዳመጣው ታውቆ።
ስድስት ለስድስቱ።
ተጠባባቂን ግን ማን አስታውሶ ከቶ!

እንግዲህ ለመጪው፦
"አዲስ መረብ ይገዛ" ያላችሁ እጅ አውጡ፤
ዋጋው አራት ሺህ ነው፤ ቀሪውን አምጡ።
(እኔ እጄን አላወጣሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።)
ሰዓዳን አየኋት፣ ማንም ያላያት መስሏት፣
ሰርቭ ስትለማመድ በማለዳው ሰዓት፤
ከሙሄ ትበልጣለች፤ ሙሄ ይቅር ይበለኝ።
የሴቶች ቡድን ይኑር ብያለሁ፤ ያልተስማማ ይንገረኝ።

አንደኛ እንወጣለን አልልም፤ አልዋሽም፤
ከሰባት ወደ ስድስት ብንገፋ አይከፋም።
የግራው ምሰሶ ዘመም ብሏል፣ ድንጋይ ይፈልጋል።
ልምምድ ማክሰኞ ነው፣ አሥር ሰዓት ይጀምራል፤
የቀረ አምስት ብር፣ ያረፈደ ሁለት።
ይመርም ይመጣል፤
መረቡ እርጥብ ከሆነ ታገሱት።