ሲደመር ሲቀነስ

ባባ፥ ያን ጥቁር ድንጋይ ታስታውሰዋለህ?
ሰላሳ ክንድ ወርደህ፥ ውኃ ሸቶህ ሳለህ፥
ድንገት ከእግርህ በታች ተጋድሞ ያገኘኸው፥
“ግትር በሬ” ብለህ ስሙን ያወጣኸው፤
ሁለት መዶሻ በልቶ፥ ሦስተኛ አስገዝቶ፥
ከሳምንት በኋላ በቁራሽ የወጣው፥ በገመድ ተጎትቶ።

ስባሪው ፑኔ ነው አሁን፥ ከኔ ጠረጴዛ፤
ካውራ ጣትህ ጥፍር አይበልጥም ቢበዛ።
ፈጨሁት። ነፋሁት። በአሲድ አጠብሁት።
በአጉሊ መነጽር ሥር ነጭ ነጩን ለቀምሁት።
እናቴ ከሩዝ ውስጥ ድንጋይ ትለቅማለች፤
ልጇ ከድንጋይ ውስጥ ሩዝ ትፈልጋለች።

ያኔ እሳት ሆኖ ሲፈስ ምንም አልቋጠረም፤
ትንፋሹን ለሰማይ ሰጠ፥ አንዲት አላስቀረም።
ሲበርድ ነው በሩን የዘጋ።
ከዚያ ወዲህ፥ ሲመሽ ሲነጋ፥
ፖታሲየም በጓዳው፥ አንድ አንዱ እየከዳ፥
አርጎን ይሆንና
መውጫ ያጣል፥ ይቀመጣል፥ እንደ ቀረ እንግዳ።
ግማሹ እስኪለወጥ ቢሊዮን ከሩብ ዓመት፤
አይቸኩል ለሠርግ፥ አይዘገይ ለሞት።

ትናንት ሌዘሩን አበራሁ። ቅንጣቷ ቀላች፤
እንደ ሰም ቀለጠች፤
የያዘችውን ሁሉ እፍ አለች።
ማሽኑ ቆጠረ፥ እኔም ጻፍሁ፦
ስድሳ ስድስት ነጥብ አንድ ሚሊዮን ዓመት፤
ሲደመር ሲቀነስ መቶ ሺህ።

መቶ ሺህ ዓመት፥ ባባ፥ እዚህ ቤት አቧራ፤
ባንተ ደጅ አምስት ዓመት፥ ጡረታ የሚቀማ ተራራ።

ጸሐፊው “መቼ ተወለድህ?” ሲልህ በመስኮቱ፥
“ጎርፍ ድልድዩን ሲወስድ” አልኸው፥ ነው እውነቱ።
ግን ጎርፉ ሁለቴ ነው ድልድይ የወሰደው፤
በመሀሉ ዘጠኝ ዓመት አለ፥ ማን ይፍረደው?
እያዛጋ ጻፈ፦ ጁን አንድ። ዓመቱንም ከኪሱ።
“አልደረስህም፥ ተመለስ” አለ፥ ቀና ሳይል ራሱ።

አንተን እንደ ድንጋይ ፈጭቼ አልነፋህ፤
በየትኛው ቅንጣት፥ ስንት ብዬ ላስላህ?

ማታ ደወልሁልህ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል።
“ስንት ሆነው በሬው?”
“ስድሳ ስድስት...” ስል፥
ሳልጨርስ ሳቅህ መጣ፥ እስኪያስልህ ድረስ፦
“እኩያዬ ነዋ! ለካ አብሮ አደጌ ነው እንዲያ የታገለኝ!
ለጸሐፊው ንገሪው፥ ምስክር ተገኘልኝ።”

ሚሊዮኑን ዋጥሁት።